በሩ ሲዘጋ

ሮጀርስ ፓስ የሚባለው የተራራ በር በምዕራብ ካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ግዛት፣ ሴልከርክ በተባሉ ተራሮች መካከል ይገኛል። ከፍታው 1,330 ሜትር ብቻ ነው። አዲስ አበባ በአንድ ሺህ ሜትር ትበልጠዋለች፤ የእኛው ጣርማ በር ደግሞ ከእጥፉ በላይ ነው። በከፍታ ብቻ ካየነው የሚቀራረበው ከድሬዳዋ ጋር ነው። ሆኖም በዚህ ዝቅ ያለ በር ላይ በአንድ የብርድ ወቅት ውስጥ በአማካይ 10 ሜትር ያህል በረዶ ይጥላል። የጣለው ሁሉ እንዳለ ተቆልሎ አይቀርም፤ በራሱ ክብደት እየተጠቀጠቀ ዝቅ ይላል። ቢሆንም የመንገድ ምልክቶች ይዋጣሉ፤ ጠራጊ መኪና ግራና ቀኝ የገፋው በረዶም ከመኪና ጣሪያ በላይ የሚቆም ግድግዳ ይሆናል።

በዚህ በር ውስጥ ካናዳን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው አውራ ጎዳና ያልፋል፤ የባቡር ሐዲዱ ደግሞ ዛሬ ከሥሩ በዋሻ ያልፋል። ከጎልደን ከተማ እስከ ሬቭልስቶክ ያለው ርቀት 148 ኪሎ ሜትር ነው። በበጋ ሁለት ሰዓት የማይሞላ ጉዞ ነው። በብርዱ ወራት ግን ይህች አጭር መንገድ ቀኑን ሙሉ ልትፈጅ ትችላለች፤ አንዳንዴም ጭራሽ አትታለፍም። ይህ ምዕራፍ ሰው ይህን በር ለማለፍ ከመቶ ዓመት በላይ ያደረገውን ትግል የሚተርክ ነው። ከታሪኩ ሁሉ ለእኔ የላቀው ነገር ተራራውን የፈለፈለው ዋሻ ወይም ናዳን ለማውረድ የሚተኮሰው መድፍ አይደለም። ሰው መንገዱን በራሱ ፈቃድ መዝጋትን መማሩ ነው። ይህ ትምህርት ብዙ ሕይወት አስከፍሏል። በምዕራፉ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ለይቼ ካልጻፍኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ግን፣ ይህ ሁሉ በረዶ ከየት ይመጣል?

ምንጩ ሰላማዊ ውቅያኖስ ነው። ከውቅያኖሱ የሚነሳው ነፋስ እርጥበት ተሸክሞ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። መጀመሪያ የሚያጋጥመው የባሕር ዳርቻው የተራራ ሰንሰለት ነው። አየር ተራራ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ብዙ እርጥበት መያዝ ስለማይችል ያዘንባል። በኢትዮጵያም በክረምት ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ወደ ኢሉባቦር ደጋ ሲወጣ ጎሬና መቱ ላይ የሚያወርደው ዝናብ በዚሁ ሕግ የሚወርድ ነው። የካናዳው ነፋስ የመጀመሪያውን ሰንሰለት ከተሻገረ በኋላ ወደ ደረቁ የውስጥ አምባ ይወርዳል። ካምሉፕስ ከተማ የምትገኘው እዚያ ነው፤ አካባቢዋ ከፊል በረሃ የሚመስል፣ ዝናብ የማይበዛበት ነው። ነፋሱ ግን ስንቁን ገና አልጨረሰም። ሴልከርክ ላይ ሲደርስ እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ይቀዘቅዛል፣ የቀረውን ሁሉ ያራግፋል። ቦታው ከምድር ወገብ በሰሜን 51 ዲግሪ ላይ ስለሆነ በብርዱ ወራት የሚራገፈው በዝናብ መልክ ሳይሆን በበረዶ መልክ ነው።

ሴልከርክን ከሌሎች ተራሮች የሚለየውም ይኸው ነው። ወደ ባሕሩ ቀረብ ያሉት ተራሮች ብዙ እርጥበት አላቸው፤ ሙቀታቸው ግን ለስለስ ያለ ነው። ወደ ምሥራቅ ያሉት የሮኪ ተራሮች ቀዝቃዛ ናቸው፤ እርጥበታቸው ግን ያነሰ ነው። እዚህ መሐል ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ። ዛሬ ሃያ ዲግሪ ከዜሮ በታች የነበረ ቦታ ከነገ ወዲያ ዝናብ ሊጥልበት ይችላል። ለሾፌርም፣ በረዶን ለሚያጠና ባለሙያም ከዚህ የከፋ ጠባይ የለም።

ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ1871 ከካናዳ ጋር የተዋሐደችው የባቡር መንገድ እንዲዘረጋላት ቃል ተገብቶላት ነው። ቃሉን ለመፈጸም ሴልከርክን የሚያሻግር በር መገኘት ነበረበት። የካናዳ ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያ በ1881 ሜጀር አልበርት ቦውማን ሮጀርስ የተባለ አሜሪካዊ ቀያሽ ቀጠረ። ሮጀርስ ዘመዱንና ከካምሉፕስ የተቀጠሩ የሹስዋፕ ሕዝብ ተሸካሚዎችን አስከትሎ ከምዕራብ በኩል ወጣ፤ በሩን ከሩቅ እንዳየ ስንቅ ስላለቀበት ተመለሰ። በማግስቱ ዓመት በ1882 ከምሥራቅ ገብቶ መተላለፊያው በርግጥ መኖሩን አረጋገጠ። ኩባንያው 5,000 ዶላር ሸለመው፤ ቦታውም በስሙ ተጠራ። ሮጀርስ ቼኩን ሳይመነዝር በፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ እንደሰቀለው ይነገራል። ሸክሙን ተሸክመው ያወጡት የሹስዋፕ ሰዎች ስም ግን በካርታው ላይ የለም።

ሐዲዱ በፍጥነት ተዘረጋ። የመጨረሻው ችንካር የተመታው ክሬጌላኪ በተባለ ቦታ፣ ኖቬምበር 7 ቀን 1885 ነው። ወዲያው በረዶው መጣና መንገዱ ተዘጋ። ኩባንያው በዚያ የብርድ ወቅት ባቡር ከማሄድ ይልቅ የበረዶ ናዳ የት የት እንደሚወርድ የሚመዘግቡ ሰዎችን ተራራው ላይ አስከረመ። ልብ በሉ፤ ስለ ናዳው ጠባይ ጥናት የተጀመረው ሐዲዱ ከተነጠፈ በኋላ ነው። ታዛቢዎቹ ይዘውት የመጡት ዜና ክፉ ነበር፤ መንገዱ በናዳ መውረጃዎች ሥር ተዘርግቷል። መፍትሔ ተብሎ ከወፍራም ግንድ የተሠሩ 31 መከለያዎች ሐዲዱ ላይ ተገነቡ፤ ርዝመታቸው ሲደመር 6.5 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። ናዳው በጣሪያቸው ላይ ተንሸራትቶ እንዲያልፍና ባቡሩ ከሥር እንዲሄድ ታስቦ ነው። በበጋ ተሳፋሪው ተራራውን እያየ እንዲጓዝ ሲባል ከመከለያዎቹ ውጭ ሁለተኛ ሐዲድ ተነጥፎ ነበር። በሩ ሁለት ፊት እንዳለው ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር ማለት ነው።

መከለያው ግን ያለውን ቦታ እንጂ የሌለውን ቦታ አይጠብቅም። በ1899 ናዳ የሮጀርስ ፓስን የባቡር ጣቢያ ጠራርጎ ሰዎች ገደለ። ከዚያ በኋላም ባቡሩ መሄዱን ቀጠለ። መንገዱ የአገሪቱ ጀርባ አጥንት ስለሆነ ለአንድ ቀን እንኳ መቆሙ እንደ ሽንፈት ይቆጠር ነበር። ናዳ ሲወርድ ጥያቄው «በስንት ሰዓት ይጠረጋል?» ነበር። «ከላይ የቀረ አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ገና አልተፈጠረም።

ማርች 4 ቀን 1910 የሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው። በዚያ ምሽት ኪዮፕስ ከተባለው ተራራ ናዳ ወርዶ ሐዲዱን ቀበረው። ኩባንያው እንደ ወትሮው ጠራጊ ባቡርና ወደ 60 የሚጠጉ ሠራተኞች ላከ። ጠራጊው ባቡር ከፊቱ ትልቅ የሚሽከረከር ምላጭ ያለው፣ በረዶውን እየቆረጠ ወደ ጎን የሚተፋ ነው። ይሁን እንጂ የወረደው በረዶ ንጹሕ አልነበረም፤ ከሥራቸው የተነቀሉ ዛፎችና ድንጋይ ተቀላቅለውበታል። ምላጩ እንዳይሰበር ሰዎች ወደ ጉድጓዱ ገብተው በመጋዝ፣ በመጥረቢያና በአካፋ ማጽዳት ነበረባቸው። ከራስጌያቸው በረዶው መጣሉን አላቆመም። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በግራና በቀኝ የበረዶ ግድግዳ በቆመበት ቦይ ውስጥ ሆነው ሲሠሩ፣ ከማዶው ተራራ ሁለተኛ ናዳ ወረደ።

የመጀመሪያው ናዳ ከአንድ ወገን ስለመጣ ከሌላው ወገን ይመጣል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ሎኮሞቲቩና ጠራጊው ተነቅለው ተወረወሩ። በጉድጓዱ ውስጥ የነበሩት ሠራተኞች ተቀበሩ። በኋላ የተቆፈሩት አንዳንዶቹ መሣሪያቸውን እንደያዙ፣ ቆመው እንደነበሩ በርደው ነው የተገኙት። ከቡድኑ በሕይወት የተገኘው የባቡሩ እሳት አንዳጅ ቢሊ ላሻንስ ነው፤ የናዳው ኃይል ወደ ላይ ወርውሮት እግሩ ተሰብሮ ተረፈ። ዜናው ሬቭልስቶክ ሲደርስ ደወል ተደወለ፤ ሐኪሞችና በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች አካፋ ይዘው በባቡር ወጡ፤ የቆፈሩት ግን አስከሬን ነበር። የሟቾቹ ቁጥር ለረጅም ጊዜ 62 ነው ሲባል ኖሮ በኋላ መዝገብ ሲጣራ 58 ሆኗል። ከነሱ 32ቱ ጃፓናውያን የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ከባሕር ማዶ ለእንጀራ መጥተው፣ በሌሊት፣ በባዕድ ተራራ ሥር አካፋ ይዘው ያለቁ ስደተኞች ናቸው። የስደትን ኑሮ የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ክብደት እኔ ባልነግረውም ያውቀዋል። ከሦስት ቀን በፊት፣ ማርች 1 ቀን፣ በአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት ዌሊንግተን በተባለ ቦታ ሌላ ናዳ በበረዶ ተይዘው የቆሙ ባቡሮችን ወደ ገደል ጥሎ 96 ሰዎች ገድሎ ነበር።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ ወደ ጎፋ ይሄዳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የወረደው የመሬት ናዳ መጀመሪያ የቀበረው ጥቂት ቤቶችን ነበር። ጎረቤት እንደ ጎረቤት ሮጦ ደረሰ፤ በእጁም በአካፋም መቆፈር ጀመረ። ያኔ ሁለተኛው ናዳ መጣ። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የወጡ ነበሩ። አንዱ አፈር ነው፣ ሌላው በረዶ፤ አንዱን ያንቀሳቀሰው ዝናብ ነው፣ ሌላውን የወደቀበት ጭነት። የሁለቱም ሕግ ግን አንድ ነው፤ አንድ ጊዜ የተናደ ቁልቁለት አካባቢው ሁሉ ለመናድ እንደተዘጋጀ እየተናገረ ነው። ዛሬ በሮጀርስ ፓስ ናዳ የወረደበት ቦታ ጠራጊ የሚገባው ከላይ ያለው በረዶ በባለሙያ ከተመዘነ በኋላ ነው። ጎፋ ላይ ይህን የሚነግር ሰው በቦታው አልነበረም፤ በየወረዳው ሊኖር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ከ1885 እስከ 1916 ባሉት ሦስት አሥርተ ዓመታት በሮጀርስ ፓስ ናዳ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ኩባንያው በመጨረሻ ተራራውን ከላይ ማለፍ ትቶ ከሥሩ ገባ። ከ1913 ጀምሮ ማክዶናልድ ተራራን ፈልፍሎ በ1916 መጨረሻ 8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የኮኖት ዋሻ ከፈተ፤ በጊዜው በሰሜን አሜሪካ ረጅሙ ነበር። በ1988 ደግሞ ከሥሩ ሌላ፣ 14.7 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ ተጨመረ። ከ1916 በኋላ በሩ ለአርባ ዓመት ያህል ለበረዶው ተለቀቀ።

በነዚያ ዓመታት የተለወጠው ስለ በረዶ ያለው እውቀት ነው። ናዳ በረዶ ስለበዛ ብቻ አይወርድም። በረዶ በንብርብር የሚጣል ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ንብርብር የወረደበትን ቀን አየር ይዞ ይቆያል። ጥርት ባለ ቀዝቃዛ ሌሊት የበረዶው ገጽ ላይ አመዳይ ይበቅላል። የደጋ ገበሬ የሚያውቀው አመዳይ ነው፤ እዚያ ግን እንደ ላባ የተሰነጣጠቁ፣ ከጥፍር የሚረዝሙ ብልጭልጭ ቅጠሎች ይሆናል። ሲያዩት ውብ ነው። ችግሩ የሚመጣው በላዩ ሌላ በረዶ ሲጥል ነው። ላባዎቹ ሳይሰበሩ ይቀበራሉ፤ ከላይ ያለው ከሥር ካለው ጋር እንዳይያያዝም ለሳምንታት ይለያዩታል። ከላይ ያለው በረዶ በነፋስ ተደልድሎ፣ በክብደቱ ተጠቅጥቆ አንድ ወጥ ንጣፍ ሲሆን፣ በፈሰሰ ጤፍ ላይ እንደተቀመጠ ጣውላ ነው የሚሆነው። ቁልቁለቱ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከሆነ የአንድ ሰው እርምጃ ይበቃዋል። ቁልቁለቱ ከዚያ ለጠጥ ካለ በረዶው እምብዛም አይንሸራተትም፤ ከዚያ ከበረታ ደግሞ ሳይከማች በየጊዜው ይራገፋል። አደገኛው ሰው በእግሩ ሊወጣው የሚያምረው መካከለኛው ነው።

ይህን ለማወቅ ባለሙያው ይቆፍራል። ጉድጓዱን እስከ መሬት ያወርድና አንዱን ግድግዳ በአካፋ ቀጥ አድርጎ ይቆርጠዋል። ከዚያ ጓንት ባጠለቀ እጁ ከላይ እስከ ታች ይዳስሳል። መጀመሪያ ጭብጡን ይገፋል፤ ጭብጥ የሚያስገባ ንብርብር ለስላሳ ነው። ጭብጥ ካልገባ አራት ጣት፣ አራት ጣት ካልገባ አንድ ጣት፣ ከዚያ እርሳስ፣ በመጨረሻ ቢላዋ ይሞክራል። ጠንካራ ንብርብር ለስላሳው ላይ ተቀምጦ ካገኘ ፊቱ ይጨልማል። ቀጥሎ ጎንና ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የበረዶ ዓምድ ቆርጦ ለብቻው ያቆምና አካፋውን ከአናቱ ላይ ያደርጋል። አሥር ጊዜ ከእጅ አንጓው ብቻ፣ አሥር ጊዜ ከክርኑ፣ አሥር ጊዜ ከትከሻው አንሥቶ ይመታዋል። ዓምዱ በስንተኛው ምት፣ ከየትኛው ንብርብር ላይ እንደተቆረጠ በማስታወሻው ይጽፋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ምት ተቆርጦ ከተንሸራተተ ያን ቀን ወደ ቁልቁለቱ የሚሄድ የለም። ማይክሮስኮፕና ሳተላይት ባለበት ዘመን የብዙ ሺህ መንገደኛ ሕይወት ዛሬም በከፊል በዚህ የእጅ ምት ላይ መንጠልጠሉን እወደዋለሁ፤ እጅ ያልነካውን በረዶ ማንም በርግጠኝነት አያውቀውም።

የተለቀቀ ናዳ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሮጥ ይችላል፤ ከፊቱ የሚገፋው አየር ብቻውን ዛፍ ይሰብራል። ሲሮጥ ፈሳሽ ይመስላል፣ ሲቆም ግን ይደነድናል። የተቀበረ ሰው ጣቱን ማንቀሳቀስ እንኳ አይችልም። በመጀመሪያዎቹ 10 ወይም 15 ደቂቃዎች የተገኘ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ተስፋው ይመነምናል። ስለዚህ የሚያድነው ከከተማ የሚጠራ ሳይሆን አብሮት የነበረው ጓደኛው ነው። በ2003 በዚሁ በር አቅራቢያ በበረዶ ሸርተቴ ጉዞ ላይ የነበሩ ሰባት ተማሪዎች ናዳ ገድሏቸዋል። አገሪቱ ከዚያ ሐዘን በኋላ ነው ለሕዝብ የሚነገረውን የናዳ ትንበያ በአንድ ማዕከል ያደራጀችው፤ መቀመጫውም ሬቭልስቶክ ነው።

አውራ ጎዳናው በሮጀርስ ፓስ የተከፈተው በ1962 ነው። ይህን ጊዜ ግን ጥናቱ ከመንገዱ ቀደመ። ኖኤል ጋርድነር የተባለ የፓርኩ ጠባቂ በ1950ዎቹ ተራራው ላይ እየከረመ ናዳዎችን መዘገበ፤ ፒተር ሼረር የተባለ ከስዊዘርላንድ የመጣ መሐንዲስ ደግሞ መዝገቡን ይዞ መንገዱ የት ቢያልፍ እንደሚሻል፣ የት መከለያ እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ናዳ ከላይ እያለ መሰበር እንዳለበት ነደፈ። ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ላይ ከ130 በላይ የናዳ መውረጃዎች አሉ። ለሁሉም መከለያ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ የካናዳ ጦር ተጠራ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የብርዱ ወራት ሲገባ የመድፈኛ ጦር አባላት 105 ሚሊ ሜትር መድፍ ይዘው በሩ ላይ ይሰፍራሉ። በመንገዱ ዳር የተሠሩ ክብ የኮንክሪት መደቦች አሉ፤ ከእያንዳንዱ መደብ ወደ እያንዳንዱ ተራራ የሚተኮስበት አቅጣጫና ከፍታ ቀድሞ ተለክቶ ተመዝግቧል። ስለዚህ ጭጋግ ቢውጠውም፣ ሌሊት ቢሆንም፣ ኢላማውን ሳያዩ ይመቱታል። የናዳ ባለሙያዎቹ የአየር ጠባዩን፣ ከላይ ካሉት ጣቢያዎች የሚመጣውን የነፋስና የሙቀት ንባብ፣ የጉድጓዱንም ውጤት አይተው «ጊዜው ደርሷል» ሲሉ መንገዱ ከሁለቱም ጫፍ ይዘጋል። አንድም መኪና በመሐል እንዳልቀረ ይጣራል። ከዚያ ጥይቱ ናዳው በሚነሣበት አናት ላይ ይፈነዳል። በረዶው ገና ትንሽ ሳለ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት እንዲወርድ ይደረጋል። ጠራጊዎች ይገባሉ፣ መንገዱ ይከፈታል። ነገሩ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሰዓታት ይወስዳል፤ ማዕበል ሲበረታ ግን ቀናት ሊሆን ይችላል። ይህም ሆኖ ተራራው ሙሉ በሙሉ አልተገራም፤ በ1966 በሥራ ላይ የነበሩ ሁለት የመንገድ ሠራተኞች በናዳ ሞተዋል።

በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ የሰው አስተሳሰብ ምን ያህል እንደተገለበጠ እዩ። በ1910 መዘጋት ውርደት ነበር፤ ከ1962 በኋላ መዘጋት የሥራው ዋና ክፍል ሆነ። የሾፌሩን ጊዜ የሚቆርጠው ያው ውሳኔ ነፍሱን ይጠብቅለታል።

ለሾፌሩ የቀረው ዋና አደጋ ያለው ከላይ ሳይሆን ከጎማው ሥር ነው። ካልጋሪና ኤድመንተን ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። ከካልጋሪ ወደ ቫንኩቨር ለዘመድ ጥየቃ፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ በመኪና የሚሄድ፣ ወይም ተሳቢ እየነዳ እንጀራውን የሚያገኝ ወገን ከሮጀርስ ፓስ ጋር ይተዋወቃል። የመንገዱን ነገር በቁጥር ላስረዳ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የቤት መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘበት በኋላ 36 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ 100 ሜትር ይፈልጋል። በግግር በረዶ ላይ 250 ሜትር ይሄዳል። ይህ ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ የሚሄደውን አይጨምርም። አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ለመነሣት ይጠቅማል፤ ለማቆም ግን ከሌላው የተለየ ጉልበት የለውም። በዚህ ተሳስተው ገደል የገቡ ብዙ ናቸው።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ብርዱ ነው። ሃያ ከዜሮ በታች ከሆነ ቀን ይልቅ ወደ ዜሮ የተጠጋው ቀን ይከፋል። ያን ጊዜ በግግሩ ላይ ስስ የውሃ ሽፋን ይኖራል፤ ጎማው የሚጨብጠው ነገር ያጣል። አስፋልቱ ጥቁርና እርጥብ ብቻ ይመስላል። በመንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው በረዶን ለማቅለጥ የሚረዳው ብርዱ መካከለኛ ሲሆን ነው፤ ከ10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ካለፈ ኃይሉ ይደክማል፣ በምትኩ አሸዋ ይበተናል። ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 በዚህ መንገድ ላይ የብርድ ወቅት ጎማ ግዴታ ነው። ከባድ መኪና ደግሞ ሰንሰለት ሳይዝ አይሄድም።

ሰንሰለት ማሰር በምስል ሲታይ ቀላል ነው። በተግባር ሾፌሩ ለዚያ በተሠራው ሰፊ ቦታ ላይ መኪናውን ከመንገዱ አውጥቶ ያቆማል። ሰንሰለቱ ሳይጠማዘዝ በጎማው ላይ ከላይ ይጣላል፤ መኪናው ጥቂት ወደ ፊት ይንፏቀቃል፤ መጀመሪያ ከውስጥ በኩል ያለው መንጠቆ ይያያዛል። ይህ ከባዱ ነው፤ ሾፌሩ በጀርባው ወይም በጎኑ ከመኪናው ሥር ገብቶ፣ ዓይኑ ሳያይ በእጁ ዳብሶ ያገናኘዋል። ጓንቱ ይረጥባል፤ የረጠበ ጓንት ብረት ሲነካ ይጣበቃል። ከዚያ ውጭኛው መንጠቆ ተይዞ ይወጠራል። ጥቂት ነድቶ እንደገና መውረድና መላላቱን አይቶ ማጥበቅ አለበት። ይህን ካላደረገ የላላው ሰንሰለት የፍሬኑን ቱቦ ሊበጥስ ይችላል። በቤቱ ሞቅ ብሎት ዕቃው ለምን ዘገየ የሚል ሰው ይህን ቢያይ ቃሉን ይመልሳል።

በረዶ ላይ ተይዞ የቆመ መኪና ሌላ ገዳይ አለው። ሙቀት ለማግኘት ሞተር አስነሥተው የሚቀመጡ ሰዎች የጭስ ማውጫው በበረዶ መደፈኑን ሳያውቁ በካርቦን ሞኖክሳይድ ያልቃሉ። ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም፤ መጀመሪያ እንቅልፍ ያመጣል። ስለዚህ ሞተሩን ከማስነሣት በፊት ወርዶ የጭስ ማውጫውን አካባቢ በእጅ መጥረግ፣ ሞተሩን በሰዓት 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ማስነሣት፣ ነፋስ ከማይመጣበት በኩል መስኮት ጥቂት መክፈት ያስፈልጋል። ብርድ ልብስ፣ ውሃ፣ ምግብ፣ አካፋና የእጅ ባትሪ ከመኪና መጥፋት የለባቸውም። መኪናን ጥሎ በእግር መሄድ ግን አይገባም። ፈላጊ መኪናን ያገኛል፤ በማዕበል ውስጥ የሚራመድን ሰው ግን አያገኝም።

ከመነሣታችሁ በፊት የብሪቲሽ ኮሎምቢያን የመንገድ መረጃ፣ ድራይቭ ቢሲን፣ ተመልከቱ። መንገዱ ተዘግቷል ካለ ጎልደን ወይም ሬቭልስቶክ እደሩ፤ ሁለቱም ማደሪያ አላቸው። በሌላ መንገድ ዞሬ እደርሳለሁ ብላችሁ በሌሊት አትውጡ። ቤት ሆናችሁ የምትጠብቁም፣ ለሾፌሩ እየደወላችሁ «የት ደረስክ? ለምን ዘገየህ?» አትበሉት። እንግዳው ይጠብቅ፣ ወጡ ይቀዝቅዝ፤ ለቅሶም ቢሆን በማግስቱ ይደረሳል። ስትደውሉለት መንገዱ እስኪከፈት እንዲያድር ንገሩት።